ጠይቁን፦ ቀበሌያችን ለጦሳ ተራራና ለቦርከና ወንዝ ምን ማድረግ ይችላል?

ሰላም ናችሁ የወሎ ልጆች! ባለፈው ወር ስለ አየር ንብረትና ስለ አካባቢያችሁ ከደሴና ከኮምቦልቻ ጠይቁን ብለን ነበር፣ በቴሌግራምም በደብዳቤም የላካችሁት ብዙ ነው፣ እግዜር ይስጥልን። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል አምስቱን መርጫለሁ፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ጠቅልያለሁ፣ ስማችን አይውጣ ስላላችሁም የማንንም ስም አላወጣሁም። ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ፣ አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል።

ጥያቄ፦ ደሴ ሰኞ ገበያ ነው የምኖረው፣ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ነኝ። ስልጠና ላይ የካርቦን ልቀት ቀንሱ፣ ተፈጥሮን መልሱ ይሉናል፣ ከዛ አበል ተከፍሎን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። እውነቱን ንገረኝ፣ ይሄ የቻይናና የአሜሪካ ስራ አይደለም ወይ? እኛ አንድ ፋብሪካ እንኳን የሌለን ቀበሌ ምኑን ነው የምንቀንሰው?

መልስ፦ እህቴ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም ልቀት፣ ማለትም ምድርን ከሚያሞቀው ጋዝ፣ ያላት ድርሻ 1 ከመቶ እንኳን አይሞላም፣ ደሴ ነገ ጠዋት ጭስ የሚባል ነገር ባታወጣ የዓለም ሙቀት በዛ አይቀንስም፣ ይሄንን ሳንናገር ሕዝብ ፊት ብንቆም ማንም አያምነንም። ግን እኛ ጋ ልቀቱ የሚወጣበት ነገርና እኛኑ የሚጎዳን ነገር አንድ ነው። እንጨቱ ሲቆረጥ ካርቦኑም ይወጣል ተዳፋቱም ይናዳል፣ ቆሻሻው ሲከመር ጋዙም ይወጣል ወንዙም ይበከላል፣ ማገዶ ሲነድ ደግሞ የእናቶቻችን አይንና ሳንባ በጭስ ያልቃል። ለዓለም ብለሽ ባትሰሪው ለሰኞ ገበያ ብለሽ ትሰሪዋለሽ።

ቁጥሩን ልንገርሽ። በ2004 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሀገሪቱ አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ላይ ያኔ የነበረው ዓመታዊ ልቀታችን 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ተብሎ ነው የተሰላው፣ ከዛ ውስጥ ከ85 ከመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን ነው የመጣው፣ ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪ፣ ሕንጻና ኤሌክትሪክ እያንዳንዳቸው 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የደን የተባለው ለእርሻ የሚመነጠረውና ለማገዶ የሚቆረጠው ነው። ማገዶውን ደግሞ ገጠሩ ብቻ አይደለም የሚጨርሰው፣ በማዳበሪያ ታስሮ አውቶብስ ጣራ ላይና አይሱዙ ላይ ተጭኖ የሚመጣው ከሰል ለኛ ለከተሜዎቹ ነው፣ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት በባህላዊው አከሳሰል ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ያልቃል።

ስልጠና ላይ የሚቀርቡላችሁ ምሳሌዎች አብዛኛዎቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፣ የመንገድ መብራት ቀይሩ፣ ቢሮው ላይ ሶላር ስቀሉ ምናምን። እዛ ሀገር መብራቱ ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ስለሚመጣ ልክ ናቸው። የኛ መብራት ግን ከ90 ከመቶ በላዩ ከውሃ ነው የሚመጣው፣ ጳጉሜን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚ እኛ ጋ ካርቦን የሚቀንሰው አምፖል መቀየሩ ሳይሆን ከእንጨት ወደ መብራት መሻገሩ ነው፣ ቀበሌሽ መጀመሪያ ምድጃ ላይ ይመልከት።

በተግባር እንዴት? ከትልልቆቹ ምድጃዎች ጀምሩ። ምገባ ያለበት ትምህርት ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ለሆቴል እንጀራ የሚያስረክቡ እናቶች፣ እነዚ በቀን የሚያነዱት እንጨት የብዙ ቤት ነው። ለጥቃቅንና አነስተኛ ማህበራት ሼድ የሚሰጠው ከተማ አስተዳደሩ ነው አይደል? አንዱ ሼድ ለእንጀራ ጋጋሪዎች ይሰጥና ባለሶስት ፌዝ መስመር ይግባለት። ይሄን የምለው አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ነው፣ ስምንት አስር ምጣድ አንድ ግቢ ውስጥ በተራ መስመር ላይ ከተሰካ ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል፣ ከዛ ጎረቤት ይጣላል ሴቶቹም ወደ እንጨታቸው ይመለሳሉ። ሼዱን መስጠት ብቻ ሳይሆን ቆጣሪውንና ትራንስፎርመሩን ከመብራት ኃይል ጋር ተጻጽፎ ማስጨረስ ነው የምክር ቤቱ ስራ። መብራት በጠፋ ቀንም እንዳይቸገሩ ጎኑ ላይ ምርጥ ምድጃ ይኑራቸው። ሳላይሽ ውስጥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ጎረቤታችን ምርጥ ምድጃ ካስገባች በኋላ ምድጃዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፣ ግድግዳው ላይ ጥቀርሻው እንዳለ ነው ግን አዲስ ጭስ የለም፣ ድሮ ለአንድ ጋገራ የምትጨርሰውን እስር እንጨት አሁን ለሁለት ጋገራ አብቃቅታ ከምጣዱ ስር ሶስት ቀጫጭን እንጨት ብቻ ነበር የሚነደው። ምድጃው እኮ ሲሚንቶና አሸዋ ነገር ነው፣ ቅርጹ ያላቸው ወጣቶች እዚሁ ደሴ ሊያመርቱት ይችላሉ።

ሌላው መሬት ነው፣ እዚህ ላይ ምክር ቤቱ ከማንም በላይ ጉልበት አለው። የሀገራችን የከተማ ፕላን መርህ 30 በ30 በ40 የሚባለው ነው፣ 30 ከመቶ ለመንገድና ለመሰረተ ልማት፣ 30 ከመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 ከመቶ ለግንባታ። ቀጣዩ ስብሰባ ላይ እጅሽን አውጪና የከተማውን መዋቅራዊ ፕላን ይዛችሁልን ኑ በያቸው፣ እኛ ቀበሌ ውስጥ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ የትኛው ነው፣ ዛሬ በማን እጅ ነው ያለው፣ ካርታ የተሰራበት አለ ወይ ብለሽ አንድ በአንድ ጠይቂ። ቦታው አንዴ ከተሸነሸነ አይመለስም። በጀቱ ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፣ ስለዚ ጥያቄሽን ከግንቦት ሳያልፍ አንሺው፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር ተጠርዞ ነው የሚመጣላችሁ።

ጥያቄ፦ ከጦሳ ስር ነው የምኖረው፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በየክረምቱ ከተማሪ እስከ ሽማግሌ ወጥተን እንተክላለን፣ ቁጥሩ በሬድዮ ይነገራል፣ ተራራው ግን እኔ ከማውቀው አልተለወጠም። ችግሩ ምንድነው ልጄ?

መልስ፦ ጋሼ ይሄ ጥያቄ የኔም ነው። ከሶስት ክረምት በፊት ከሰፈር ልጆች ጋር ጦሳ ላይ በአንድ መስመር 40 ችግኝ ተክለናል፣ አምና ህዳር ላይ ያቺን መስመር ፈልጌ ወጣሁና ጉድጓድ ጉድጓዱን ቆጠርኩ፣ በሕይወት ያገኘሁት 11 ነው። አንዱን የደረቀ ስነቅለው ጥቁሩ ፕላስቲክ ከነአፈሩ አብሮት መጣ፣ ስሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ አንድም ጫፍ አልወጣም፣ ማለትም የተከለው ሰው ፕላስቲኩን ሳይቀድ ነው የቀበረው። ሌላው ጫፉ የተቀነጠሰ ነው፣ የፍየል ጥርስ ምልክቱ ግልጽ ነው። የተረፉት 11ዱ ደግሞ አብዛኛዎቹ ቀጋና ክትክታ መሃል የገቡት ናቸው፣ እሾሁ ነው የጠበቃቸው። ያን ቀን ስወርድ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ነበር፣ ምክንያቱም ሁሉም በቀላሉ የሚድን ነበር።

እንደኔ ችግሩ የምንቆጥረው ነገር ላይ ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ክረምት ከጀመረ ወዲህ ሕዝቡ ለመትከል ያለው ፍላጎት የሚያኮራ ነው፣ እዚህ ላይ ሰውን የሚወቅስ የለም። ግን ሪፖርቱ የሚጻፈው በሐምሌ ነው፣ ችግኙ የሚሞተው በጥርና በየካቲት ነው። ምክር ቤቱ የጽድቀት መጠኑን ካልጠየቀ ባለሙያውም አይሄድም። ስለዚ አንዱ ውሳኔ መሆን ያለበት ለችግኝ ከተመደበው ብር ውስጥ የተወሰነው ለኩትኳቶ፣ ለአጥርና ለጥበቃ ይያዝ፣ ቆጠራው በመስከረምና በግንቦት ሁለቴ ይደረግ፣ ውጤቱ በየቀበሌው ይለጠፍ። ያነሰ ተክሎ የበለጠ ማጽደቅ ይሻላል፣ 5,000 ተክለን 4,000 ቢጸድቅ 50,000 ተክለን 3,000 ከሚጸድቅ ይበልጣል፣ ሂሳቡን እርሶ ከኔ በተሻለ ያስተምሩት ነበር።

ደግሞ ሁሉም ቦታ መትከል አያስፈልገውም፣ ይሄንን ብዙ ሰው አያውቀውም። ወላይታ ሁምቦ ላይ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በዋናነት ችግኝ በመትከል አይደለም፣ መሬት ውስጥ የቀሩት ጉቶዎች ራሳቸው እንዲያቆጠቁጡ ከከብት በመከለልና ቅርንጫፋቸውን በመግረዝ ነው። ሕዝቡ በ7 ማህበር ተደራጅቶ ነው የጠበቀው፣ ከካርቦን ሽያጭም፣ ማለትም ዛፉ ከአየር ለሚስበው ካርቦን ከሚከፈል ገንዘብ፣ ገቢ አገኘበት። የኛም ጦሳና አዝዋ ገደል ላይ ሄደው ቢያዩ የወይራ ጉቶ፣ የክትክታ፣ የአምጃ ስር አለ፣ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል በየዓመቱ ፍየል ይበላዋል። እሱን ከንክኪ ነጻ አድርጎ ለአምስት ዓመት ዘግቶ ሳሩን ግን አጭዶ ለከብቱ የመውሰድ መብት ለአካባቢው ሰው መስጠት ነው። ሳሩን የሚያገኝ ሰው ተራራውን ይጠብቃል፣ ምንም የማያገኝ ሰው ዘበኛ ቢቆምበትም ማታ ይገባል። መሬት የሌላቸው ወጣቶች ንብ ቀፎ ይዘው እንዲገቡ ቢደረግ ደግሞ ይበልጥ ይጠበቃል።

ባህር ዛፍን በተመለከተ ብዙ ሰው ይነቀል ይላል፣ እኔ አልስማማም። የወሎ ቤት የሚቆመው በባህር ዛፍ ነው፣ ማገዶውም እሱ ነው፣ እሱን ብታጠፋ ነገ የሚቆረጠው ጽድና ወይራው ነው። ቦታው ይለይ ብቻ፣ ከምንጭ አፍና ከወንዝ ዳር ይራቅ። ለተራራው ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ይሁን፣ ዘሩ ሩቅ አይደለም፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ የሚታየው «የጎፍ» የሚባለው ደን ላይ እናት ዛፎቹ አሁንም አሉ፣ የከተማው ችግኝ ጣቢያ ከዛ ዘር አሰባስቦ ያፍላ። ቦረቦሩንም ከላይ ጀምሮ ነው መስራት ያለብን ጋሼ፣ ላዩ ላይ እርከንና ክትር ሳይሰራ ታች ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ቢደረደር በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ሆጤ ነው ቤቴ፣ የአራት ልጆች እናት ነኝ። ቆሻሻ አንሺዎቹ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይጠፋሉ፣ ሰውም ሌሊት ወንዝ ውስጥ ይደፋል። ኮምፖስት ስሩ ሲባል እሰማለሁ፣ ይሸታል አይጥም ያመጣል ይሉኛል፣ እውነት ነው? ቀበሌውስ ምን ያድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ ካወቁበት አይሸትም። ቆሻሻ የሚሸተው አየር ሳያገኝ ታፍኖ ሲበሰብስ ነው፣ ያኔ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፣ በ20 ዓመት ከተሰላ ወደ 80 እጥፍ ይደርሳል። አንድ ላይ የተከመረ ቆሻሻ አደጋውም የታወቀ ነው፣ በመጋቢት 2009 አዲስ አበባ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሮብናል። ከከተማ ቤት የሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን እግር፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገረባ። እሱ ብቻ ተለይቶ ቢወጣ የሚጫነው ቆሻሻ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፣ መኪናውም ምልልሱ ይቀንሳል ናፍጣውም ይተርፋል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ጥላ ያለበት ጥግ ላይ ደረቅ ቅጠል ወይ የጤፍ ገለባ አንጥፉ፣ የኩሽናውን ርጥብ በላዩ፣ ከዛ እንደገና ደረቅ፣ ደረቁ ከርጥቡ ሁለት እጥፍ ይሁን፣ ትንሽ አፈር ወይ የከብት እበት ጣል አርጉበት። ስጋና ዘይት አታስገቡ፣ አይጥ የሚጠራው እሱ ነው። በእጅ ጨምቀውት ውሃ ካንጠባጠበ በዝቶበታል፣ ገለባ ጨምሩ፣ ከደረቀ ውሃ ረጨት አርጉ። በየሁለት ሳምንቱ በአካፋ ገልብጡት። አንዲት እህቴ ግቢ ውስጥ በጥቅምት ጠዋት ጉሙ ሳይነሳ ክምሩን ስትገለብጠው ከመሃሉ እንፋሎት እንደ ድስት ቡን ብሎ ወጣ፣ እጄን አስገብቼ ማቆየት አልቻልኩም፣ የሚሸተው ዝናብ የመታው አፈር ነበር። ደሴ ብርድ ስለሆነ ሶስት አራት ወር ይፈጃል፣ ኮምቦልቻ ቶሎ ይደርሳል።

ቀበሌው ደግሞ ለቆሻሻ አንሺ ማህበራቱ ክፍያውን በጊዜ ይክፈል፣ የሚጠፉት ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ሲዘገይባቸው ነው። ለየሰፈሩ ሁለት ዓይነት ጆንያ ይሰጥ፣ አንዱ ለሚበሰብስ አንዱ ለደረቁ፣ ደረቁን ቆራሌው ራሱ ነው የሚወስደው። የአትክልት ተራው ተረፈ ምርትም ለችግኝ ጣቢያው ኮምፖስት ይሁን፣ ጣቢያው አፈር ከጫካ እየዛቀ ከሚያመጣ። ፌስታልን በተመለከተ በ2017 ፓርላማው ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከልክሎታል፣ ቀበሌው ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት የሚሰፉ ሴቶችን ቢያደራጅ ሕጉም ቶሎ ሰው ጋ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ የባጃጅ ሹፌር ነኝ ኮምቦልቻ። በቤንዚን ሰልፍ ቀኔን እየጨረስኩ ነው። በኤሌክትሪክ ልቀይር ወይስ ልጠብቅ? መንግስትስ ምን ያግዘናል?

መልስ፦ ወንድሜ የመኪናው ነገር ወደዛው እየሄደ ነው፣ በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ሲከለከል አቅጣጫው ታውቋል። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ለኤሌክትሪክ ባጃጅ ከደሴ ትሻላለች፣ ደሴ ዳገቱ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ግን ብቻህን ተበድረህ አትግባ። መጀመሪያ ባትሪው ስንት ዓመት ዋስትና አለው፣ ሲሞት መቀየሪያው ስንት ነው፣ እዚህ ከተማ የሚጠግነው ማነው፣ እነዚን ሶስቱን በጽሁፍ ያዝ። ከዛ በማህበራችሁ በኩል ከተማ አስተዳደሩን ሁለት ነገር ጠይቁ፣ ተራ በምትይዙበት ቦታ ቆጣሪ ያለው የቻርጅ ቦታና ለኤሌክትሪክ ባጃጅ ቅድሚያ የሚሰጥ ስምሪት። ሁለቱም ብዙ ወጪ የላቸውም።

ጥያቄ፦ እኔም ኮምቦልቻ ነኝ፣ ወደ ቦርከና የሚገባ ጅረት ዳር ነው ቤታችን። አንዳንድ ቀን ውሃው ቀለም ይዞ ይመጣል፣ ይሸታል፣ ልጆቹ እግራቸውን ያሳክካቸዋል። ለሰፈር ኮሚቴ ነገርን፣ እናያለን አሉን ቀረ። ለማን አቤት ይባላል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ መብትህ በሕግ የተጻፈ ነው። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹህና ጤናማ አካባቢ ውስጥ መኖር መብት ነው ይላል። ከሱ ቀጥሎ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፣ እዛ ላይ ማንም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢ እየበከለ ነው ወይም ሊበክል ነው በሚለው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መስሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም በውሳኔው ካልተስማማህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። ይሄንን አንቀጽ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው በቃል ነግሮ የሚመለሰው።

ከመሄድህ በፊት ማስረጃ ያዝ። ለአንድ ወር ደብተር ላይ ጻፍ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ዝናብ ነበረ አልነበረም። በስልክህ ሁሌ ከአንድ ቦታ ላይ ፎቶ አንሳ። ሁለት ጥርት ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዘህ አንዱን ቆሻሻው ከሚገባበት በላይ፣ አንዱን ከበታች ቅዳና ጎን ለጎን አስቀምጠህ ፎቶ አንሳቸው፣ ኮሚቴ ፊት ይሄን ያህል የሚናገር ነገር የለም። ውሃውን በባዶ እጅህ አትንካው፣ ልጆቹንም ከዛ አርቃቸው።

አንድ ነገር ግን በቅንነት ልንገርህ፣ ወንዙን የሚበክለው ፋብሪካ ብቻ አይደለም፣ የሽንት ቤት ቱቦ ወደ ጅረቱ የከፈተ ቤት አለ፣ ዳሩ ላይ መኪና የሚያጥብ አለ። ጎረቤቶችህን መጀመሪያ አሳምናቸው፣ ካለዛ ስትከስ እናንተስ ትባላለህ። ምክር ቤቱን ደግሞ ከወንዙ ዳር ግራና ቀኝ ምንም የማይሰራበትና የማይደፋበት ክልል ምልክት ይደረግ፣ ደሾ ሳርና ቀርከሃ ይተከልበት በሉት። ይሄ ውሃ ኮምቦልቻ ላይ አይቆምም፣ ወርዶ ጨፋ ረግረግ ይገባል፣ በበጋ አፋሮች ከብታቸውን ይዘው የሚመጡት እዛ ነው፣ ከዛ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ ስለዚ አቤቱታው ላይ የታችኞቹም ቀበሌ ሰዎች እንዲፈርሙ አድርግ።

ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጅ፣ አንዱን ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ስታስገባ ያንተኛው ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመታበት፣ 30 ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከዛ ቀን ነው።